የአባቴ የዱቤ ደብተር

ሐሙስ ሌሊት፣ ሆንግ ኮንግ

እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ቢሮ መገኘት አለብኝ። ቢሆንም ዛሬ ማታ የሆነውን ሳልጽፍ መተኛት አልቻልኩም።

የማታውን የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ትምህርት ከጀመርኩ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ሥራዬ ክዋይ ቹንግ ነው፤ የኮንቴይነር ወደቡ ክሬኖች በቢሮዬ መስኮት ይታያሉ። ቀኑን ሙሉ የማገላብጠው የጭነት ሰነድ ነው፤ ማን ምን ላከ፣ በየትኛው መርከብ ሄደ፣ ማን ይረከበዋል፣ ገንዘቡስ በስንት ቀን ይከፈላል። አልፎ አልፎ መድረሻው ጅቡቲ፣ ከዚያም ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚል ሰነድ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ከሌላው ለይቼ ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ።

ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከቢሮ እወጣና ክዋይ ፎንግ ጣቢያ ባቡር እይዛለሁ። በዚያ ሰዓት መቀመጫ የሚባል ነገር የለም። አንድ እጄ መያዣውን ጨብጦ፣ በሌላው እጄ የዕለቱን ንባብ ይዤ አድሚራልቲ እደርሳለሁ። በዚህ ከተማ የመጀመሪያው ኤምቢኤ በቻይኒዝ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ባቡር ውስጥ ቆሞ የሒሳብ መልመጃ የሚሠራ ጎልማሳ ማንንም አያስገርምም። ትምህርቱ 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ውጭው ወበቅ ነው፤ ክፍሉ ግን በአየር ማቀዝቀዣው ምክንያት እንደ ደሴ ሐምሌ ይበርዳል። ስለዚህ እናቴ የሰጠችኝ ነጠላ ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ሁልጊዜም ለብሼው ነው የምማረው።

አጠገቤ የምትቀመጠው የባንክ ሠራተኛ የሦስት ዓመት ልጅ አላት። ትምህርት ባለበት ቀን ቤት የምትደርሰው ልጇ ከተኛ በኋላ ስለሆነ፣ በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆማ በስልክ ታስተኛዋለች። የዘፈኑ ቋንቋ ባይገባኝም ዜማውን ለምጄዋለሁ። ሁላችንም ደክመናል። ባለፈው መስከረም የአውሎ ነፋስ ምልክት ቁጥር 8 ተሰቅሎ ቢሮውም ትምህርቱም የተዘጋ ዕለት፣ ነፋሱ መስኮቱን እየደበደበው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የተኛሁበት ሌሊት የለም።

ዛሬ የተማርነው ስለ ሥራ ማስኬጃ ካፒታል፣ ማለትም ነጋዴ የዕለት ተዕለት ሥራውን ስለሚያስኬድበት ገንዘብ ነበር። ፕሮፌሰራችን ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገሮች ጻፉ። ዕቃው ሳይሸጥ የሚቆይበት ቀን። ሲደመር፣ ከተሸጠ በኋላ ገዢው እስኪከፍል ያለው ቀን። ሲቀነስ፣ ነጋዴው ራሱ ለአቅራቢው እስኪከፍል የሚሰጠው ቀን። ውጤቱ ከነጋዴው ኪስ የወጣ ገንዘብ ተመልሶ እስኪገባ ስንት ቀን ውጭ እንደሚያድር ይናገራል።

ለምሳሌ የቀረበልን ዴል ነበር። ማይክል ዴል እ.ኤ.አ. በ1984 ቴክሳስ ውስጥ ገና ተማሪ ሳለ በ1000 ዶላር የጀመረው ኩባንያ፣ ኮምፒውተሩን ይገጣጥም የነበረው ገዢው ካዘዘ በኋላ ነው። ገንዘቡን ከገዢው አስቀድሞ ይቀበል ነበር፤ ለዕቃ አቅራቢዎቹ ግን ይከፍል የነበረው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ከዜሮ በታች ሆነ። ኩባንያው ባደገ ቁጥር እጁ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብም ይጨምር ነበር።

ፕሮፌሰሩ ቀጠሉና የተገላቢጦሹን ጠየቁን። ዕቃውን እጅ በእጅ ገዝቶ በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ ቢኖርስ? የእንዲህ ዓይነቱ ነጋዴ ሽያጭ በጨመረ ቁጥር የገንዘብ እጥረቱም ይጨምራል አሉ። መዝገቡ ትርፍ ያሳያል፤ ሣጥኑ ግን ባዶ ነው። አንዳንዶቹ የሚዘጉትም ገበያው በደራላቸው ዓመት ነው።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

አባቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሱቅ ነበረው። ስኳር፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ የተማሪ ደብተር ይሸጥ ነበር። ሌሎቹ ባለሱቆች «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ» የሚል ወረቀት ግድግዳቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ አባቴ ለጥፎ አያውቅም። ከሚዛኑ ጎን በላስቲክ የተሸፈነ ረጅም ደብተር ነበረው። ሰዎች ይወስዳሉ፣ እሱ ይጽፋል። ደመወዝተኛው ወሩ ሲያልቅ፣ ከገጠር የሚመጣው አዝመራው ሲሰበሰብ ይከፍላል። ዕቃ የሚያወጣባቸው ጅምላ ነጋዴዎች ግን አንድ ካርቶን ሳሙና እንኳ ያለ ጥሬ ገንዘብ አይሰጡትም ነበር።

2000 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ነበርኩ። የዕቃ ዋጋ በየጊዜው የሚያሻቅብበት ዓመት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ቤት ያስተዳደረ ሰው አይረሳውም። ኑሮ ሲከብደው ሰው ሁሉ ዱቤ ወደሚያገኝበት መጣ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ሱቃችን ለመግባት እጋፋ ነበር። እንዲህ ደርቶ የነበረው ሱቅ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ተዘጋ።

ዘመድ ተሰበሰበ። አጎቶቼ አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጠው «ይህን ያህል ሰው የሚገዛበት ሱቅ ገንዘቡ የት ገባ?» ብለው ጠየቁት። «እኔም አላውቅም» አለ። መጠጥ አይቀምስም፤ ቁማር አያውቅም። ስለዚህ አንደኛው አጎቴ ሌላ ነገር ጠረጠረ፤ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሴት። በግልጽ አልተናገረውም፤ ለጠቢብ ሰው በሚበቃ አነጋገር ግን ጣል አደረገው፤ እናቴም ሰማች። ሁለቱ አልተጣሉም፤ አልተፋቱም። ነገር ግን «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ከእኛ ጋር ለዓመታት በአንድ መሶብ ቀረበ።

እኔም ጠርጥሬው ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ጽፌውም አላውቅም።

ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አሰላሁት። ዕቃው ሱቅ ውስጥ 30 ቀን ያህል ይቆያል። የዱቤው ገንዘብ በአማካይ 60 ቀን ይወስዳል፤ ከዚያም የሚበልጥ ነበር። ለጅምላ ነጋዴው የሚከፈለው እዚያው ነው፤ ዜሮ ቀን። ድምሩ 90 ቀን። ከአባቴ እጅ የወጣች አንዲት ብር ለመመለስ ሦስት ወር ትፈልግ ነበር ማለት ነው። ገበያው በእጥፍ ሲያድግ በየመንገዱ የሚያድረው ገንዘብም እጥፍ መሆን ነበረበት፤ ያን ከየት ያመጣል? ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነበር።

የቀረ ነገር እንዳለ ግን ተሰማኝና እጄን አወጣሁ። ብዙ የምናገር ተማሪ አይደለሁም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ገንዘቡን እየጠበቀ ሳለ የዕቃው ዋጋ ቢጨምርስ?» አልኩ። የሆንግ ኮንግ ዶላር እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር በ7.80 ገደማ ታስሮ የቆየ ገንዘብ ነው፤ እኔ ሳልወለድ የነበረበት ቦታ ላይ ነው ዛሬም ያለው። የብርን ነገር ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አልፏል። ፕሮፌሰሩ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው ትርፉም ትርፍ አልነበረም፤ ነጋዴው ትርፉን ማስላት ያለበት ዕቃውን በገዛበት ዋጋ ሳይሆን መልሶ በሚገዛበት ዋጋ ነው» አሉ።

አባቴ በ100 ብር የገዛውን በ110 ሸጦ 10 ብር አተረፍኩ ይል ነበር። በዚያች 10 ብር እኛ ዳቦ በላን፣ ለእኔም ጫማ ተገዛ። 110 ብሩ በሦስተኛው ወር ሲመለስ ያው ዕቃ 120 ገብቶ ነበር። መደርደሪያው በየወሩ በጥቂቱ ሲሳሳ ማንም አላስተዋለም፤ በር ላይ ያለው ሰው አልቀነሰምና።

ትምህርቱ እንዳለቀ ከአድሚራልቲ ጣቢያ በላይ ያለው የእግረኛ ድልድይ ላይ ቆሜ ደወልኩ። እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ደሴ 11 ሰዓት ከሩብ፤ አባቴ በር ላይ የሚቀመጥበት ሰዓት።

«አባዬ፣ የሱቁን ገንዘብ አገኘሁት» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «የትኛውን ሱቅ?» አለ፤ ሌላ ሱቅ የነበረን ይመስል።

ነገርኩት። ቀኖቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። ስጨርስ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ራሱ አልነበረም፤ «ታዲያ ማንን ልከልክል ኖሯል?» አለ። መምህራኑን? ልጆች ያሏትን ባልቴት? እኔ ግን ጥፋቱ ዱቤ መስጠቱ ነው ብዬ አላምንም። ገደብ ቢያበጅለት መልካም ነበር፤ ይህን ለእሱም አልደበቅኩትም። ነገር ግን ሒሳቡ ሦስት ክፍል አለው፤ ሁሉም ሰው የሚያየው መካከለኛውን ብቻ ነው። አባቴ ከእሱ በታች ያለውን ሰው ሁሉ አመነ፤ ከእሱ በላይ ያሉት ግን አንድ ሳምንት እንኳ አላመኑትም። እኔ በየቀኑ የማዘጋጀው ሰነድ ላይ «ክፍያ በ60 ቀን» የሚል መስመር አለ። ታላላቅ ነጋዴዎች ይህን ያህል ቀን ያለ ልመና ያገኛሉ። ያን መስመር ለስድስት ዓመት ስጽፈው አባቴ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም ነበር።

ይህንንም ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ቆየ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባዬ?» ስል፣ «ቆይ፣ እናትሽ አጠገቤ ናት» አለ። ከዚያ ድምፁ ራቅ ብሎ ተሰማኝ። «እንቺ። ለአንቺ ትንገርሽ።»

እናቴ ስልኩን ተቀበለች። ለእሷም ደገምኩት፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀስ ብዬ፣ 30፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ ዜሮ። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦

«ደብተሩ እኮ አለ። ሣጥኔ ውስጥ ነው።»

አባቴ ከኋላ «ተቃጥሏል ብለሽኝ አልነበረም?» ሲል ሰማሁት። መልሷን አልሰማሁም።

እሑድ

የቡድን ሥራው የሚገባው ማክሰኞ ነው፤ እስካሁን የድርሻዬን አልጀመርኩም። ጓደኞቼን ይቅርታ ጠይቄ ለሌሊት አስተላልፌዋለሁ።

ቅዳሴና ቡና ካለቀ በኋላ፣ እዚህ 9 ሰዓት እዚያ 4 ሰዓት ላይ፣ ደወልን። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ታነባለች፣ አባቴ ያርማል፣ እኔ ኮምፒውተሬ ላይ እሞላለሁ። ቀን፣ ዕቃ፣ ብር፣ የተከፈለበት ቀን። ስሞቹን ለራሴም አልመዘገብኳቸውም፤ በቁጥር ነው የተካኋቸው። አባቴ እንዲያ አድርጊ አለ፤ «ሰው በችግሩ ቀን የወሰደው ነው» ብሎ።

አንዳንዱ መስመር የተሰረዘ ነው፤ ተከፍሏል ማለት ነው። አንዳንዱ አልተሰረዘም፤ አባቴ ግን ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ ቆይቶም ያስታውሳል። «ያ ተከፍሏል፤ በእንቁላል ነው የከፈለችኝ፤ ሠላሳ እንቁላል።» «የእሱን ተይው፤ በዚያው ክረምት ሞተ።» እንቁላሉን በየትኛው ዋጋ እንደማስገባው ግራ ገባኝና እናቴን ጠየቅኋት። የዚያን ዓመት የእንቁላል ዋጋ ሳታመነታ ነገረችኝ።

የጥቅምቱ ገጽ ላይ በየቀኑ አምስት ስድስት መስመር ነው። የካቲት ላይ ሃያ ይደርሳል። የአባቴ ጽሕፈትም እየጠበበ ሄዷል፤ ወረቀት ለመቆጠብ ይሁን ጊዜ አጥቶ እሱም አያስታውስም።

31ኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ደመርኩት። ያልተከፈለው 14,260 ብር ነው። አባቴ ሱቁን ሲከፍት የነበረው መነሻ 15,000 ብር ነበር። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልተሰማም። ኋላ የሲኒ ድምፅ ሰማሁ፤ አንዱ ለሌላው ቡና ሲቀዳ ይመስለኛል።

ከዚያ እናቴ አንድ ገጽ ገለጠች።

«ጻፊ» አለችኝ። «ገና ዘጠኝ ገጽ ይቀራል።»