በአራት ሬዲዮ የጆን ኬጅን ሙዚቃ ድሬዳዋ ላይ ስንሞክር

አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1951 «ኢማጂነሪ ላንድስኬፕ ቁጥር 4» የተባለውን ሥራውን ያዘጋጀው ለ12 ሬዲዮና ለ24 ተጫዋቾች ሲሆን፣ በየሬዲዮው አንዱ ተጫዋች ጣቢያ ሲቀይር ሌላው ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። እኔም ይህንኑ አካሄድ ይዤ፣ ተጫዋቹ መቼ ምን እንደሚያደርግ የሚነግር የራሴን ወረቀት ጽፌ፣ ከስምንት ጓደኞቼ ጋር ከዚራ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር በሚገኝ ግቢ ውስጥ በአራት ሬዲዮ ሞከርሁት።

መጀመሪያ የተዋስናቸው አዳዲስ ሬዲዮዎች አልሆኑልንም፤ ጣቢያውን ራሳቸው እየፈለጉ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚዘልሉ፣ በመካከል ያለውን «ሽ…» የሚል ድምፅ አያሰሙም። ታይዋን በተባለው የድሬዳዋ ገበያ ሁለት ቀን ዞሬ በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያላቸውን አራት አሮጌ ሬዲዮዎች አገኘሁ፤ ባለሱቁ «ለአባትህ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ኬጅ ኢ ቺንግ በተባለው ጥንታዊ የቻይና መጽሐፍ ዘዴ ሳንቲም እየጣለ ይወስን ስለነበር፣ እኔም ሦስት የአንድ ብር ሳንቲሞችን ስድስት ስድስት ጊዜ እየጣልሁ፣ አንበሳው ወይም ሚዛኑ ከሚሰጡኝ 64 ዕድሎች የጣቢያውን ቁጥር፣ የድምፁን መጠንና የቆይታውን ሰከንድ አወጣሁ። የአራት ደቂቃ ወረቀት ሦስት ምሽት ፈጀብኝ።

ትልቁ ስህተቴ በልምምድ ላይ ተጫዋቾቹን «እንደመጣላችሁ ተጫወቱ» ማለቴ ነበር። አንዱ ጓደኛችን የሶማሊኛ ዘፈን ሲያገኝ፣ በ12ኛው ሰከንድ ማለፍ ሲገባው ድምፁን ጨመረ፤ ሌሎቹም ዘፈን ማደን ጀመሩና ነገሩ የጫት ቤት ሬዲዮ ሆነ። ዕድሉ ያለው በሳንቲሙና በአየሩ ላይ እንጂ በተጫዋቹ ፍላጎት ላይ አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ከፊታቸው አቆምሁ፤ ከወረቀቱ መውጣትንም ከለከልሁ።

በዕለቱ እንግዶች ዘግይተው ስለመጡ የጀመርነው ወደ እኩለ ሌሊት ነበር። የኬጅም ሥራ ኒው ዮርክ ላይ መጀመሪያ ሲቀርብ ሌሊቱ ገፍቶ ብዙ ጣቢያዎች ተዘግተው ነበርና ነገሩ አላስደነገጠኝም፤ ኤፍ ኤሙን ትተን ሌሊት ከሩቅ ወደሚያሰማው መካከለኛ ሞገድ ዞርን። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ የአራቱም ወረቀት ድምፅ ዜሮ ላይ ገጠመ። ከግቢው ውጭ የሚያልፍ ባጃጅ ብቻ ተሰማ፤ እንግዶቹም ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ ያልነቀለው ያ ዘፈን አዳኝ ጓደኛችን ግን ሰከንዱ ሲደርስ ቁልፉን አዞረ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ የዓረብኛ ዜና በጭብጨባው መሃል ገባ።