«ተኚ» ለምትሉኝ ጠያቂዎቼ

በጡት ካንሰር የጨረር ሕክምና ላይ ያለችን ሴት ሊጠይቅ የመጣ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚላት «ተኚ፣ አትነሺ» ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ዘመድ በሌለኝ አገር፣ እንጀራና አጥሚት ይዘው የመጡልኝን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ጨረሩ የሚያመጣው ድካም ተኝተው የሚያሳልፉት ድካም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሲተኙለት ይብሳል።

ጨረሩ ራሱ አያምም። ክንድን ከራስ በላይ አድርጎ በጀርባ መጋደም ነው። የታመመው ግራ ጡቴ ስለሆነ፣ ልቤ ከጨረሩ እንዲርቅ በድምፅ ማጉያ «አየር ሳቢ፣ ያዢ» ይሉኛል፤ ቆይተው «ተንፍሺ»። በደቂቃዎች ያልቃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ስለሚሰጥ ግን ድካሙ ይጠራቀማል፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ይህን አስቀድመው ባይነግሩኝ ኖሮ «በሽታው እየጠናብኝ ይሆን?» እያልኩ ሌሊቱን ስብሰለሰል አድር ነበር።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ደሜን አስመረመረ፤ ደም ማነስም ሆነ የታይሮይድ ችግር እንዲህ ያደክማልና። ከዚያ ነርሷ ደብተር አስያዘችኝ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ድካሜን ከ0 እስከ 10 እለካለሁ፤ ከጎኑ የሠራሁትን እጽፋለሁ። ሐሳብም ይጻፋል፤ «ዛሬ ምንም አልሠራሁም» ያልኩበት ቀን ሥር «ሕክምናዬን ደርሼ መጥቻለሁ» ብዬ እንድጨምር አደረገችኝ። ይህች አንዲት መስመር አስለቅሳኛለች።

ደብተሩን አብረን ስናየው ጉልበቴን የሚጨርሰው ልብስ ማጠቡ አልነበረም። እንግዳ መቀበሉ ነው። ቡና ማፍላት፣ «ደህና ነኝ» እያሉ ፈገግ ማለት፣ የእገሊት እኅት በዚሁ በሽታ እንዴት እንደሞተች ቁጭ ብሎ መስማት። ነርሷ በአስተርጓሚ በኩል «ጠያቂዎችሽን አታባርሪ፤ ሥራ ስጪያቸው» አለችኝ።

ሰጠኋቸው። «ተኚ ልጄ» ሲሉኝ የከረሙት ጎረቤቴ እማማ አሁን ሥራ በማልገባበት ቀን፣ ጉልበቴ በሚሻልበት ረፋድ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ፤ አብረን እንራመዳለን። መጀመሪያ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ነበር፤ አሁን ፓርኩን እንዞራለን። እየሄዱ ማውራት እስኪያቅት መፍጠን አያስፈልግም። የቀን እንቅልፌ ከ30 ደቂቃ አያልፍም፤ ከቀትር በኋላ ቡና የለም፤ ማታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት እተኛለሁ። ጾሙን የንስሐ አባቴ ፈትተውልኛል።

የከበደኝ የሥራው ነገር ነበር። ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። አለቃዬ «ወይ ሙሉ ፈቃድ ውሰጂ፣ ወይ ሙሉ ቀን ሥሪ» አለኝ። እንዲህ ማለት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ ዓመት ለሠራ፣ በዚያም ዓመት 1,250 ሰዓት ለሞላ ሰው፣ በዓመት 12 ሳምንት ይፈቅዳል። ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን ለሕክምና ሲሆን በሰዓት ከፋፍሎ መውሰድ ይቻላል። ቅጹን የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሞላችልኝ፤ ሐኪሙ ፈረመ። አሁን ጠዋት እሠራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ለጨረሩ እሄዳለሁ።

እኅቶቼ፣ ስለ ድካም ለመነጋገርም የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሆስፒታሎቹ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለባቸው። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ፤ እናት በልጇ ፊት «አቅቶኛል» ብላ አትናገርም።