አንዱ ወጥቶ አንዱ ቀረ

ከእንቁላል ማምረቻዬ ስለወጣው እጢ «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለኝ ሰው አሁንም አጭር መልስ የለኝም። የፓቶሎጂው ወረቀት፣ ማለትም የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተጻፈው ውጤት፣ «ሙሲነስ ቦርደርላይን» ይላል፤ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የሚያመነጭ፣ በደህናና በካንሰር መሃል ያለ እጢ ማለት ነው። ዶክተሯ እንዳስረዱኝ ሴሎቹ ከልክ በላይ በዝተዋል፣ መልካቸውም ተለውጧል፤ ግን እንደ ካንሰር ሥር ሰደው አጠገባቸው ያለውን ሥጋ አልወረሩም። ሕክምናው ይህን ዓይነት እጢ ለይቶ ካወቀው ቆይቷል፤ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ከ40 ዓመት በታች ናቸው።

ሆዴ መግፋት የጀመረ ሰሞን ሰፈሩ እርጉዝ አድርጎኝ አርፎ ነበር። ያላገባች ሴት የማህፀን ሐኪም በር ላይ ወረፋ ስትይዝ ደግሞ ለወሬው ማስረጃ ተገኘለት። ሐዋሳ ሰፊ ከተማ ትመስላለች እንጂ፣ ከፒያሳ ባጃጅ ይዘሽ አቶቴ እስክትደርሺ ወሬው ቀድሞሽ ይገባል። አልትራሳውንዱ ላይ የታየው በግራ በኩል ውሃ የቋጠረ ትልቅ እጢ ነበር።

የግራው እንቁላል ማምረቻ ከነቱቦው፣ ከነእጢው ሳይፈነዳ ወጣ። እጢውን ብቻ ፈልቅቆ ማውጣትም አለ፤ እንደዚያ ከተደረገ ግን የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል፣ የኔ ዓይነቱ ደግሞ ሲመለስ ካንሰር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ከሞራውም ቁራጭ ወሰዱ። ትርፍ አንጀቴንም አዩት፤ እንዲህ ያለው እጢ አንዳንዴ ከዚያ ይነሳል አሉኝ። ማህፀኔና የቀኙ እንቁላል ማምረቻ እዚያው ቀሩ።

ውጤቱን መጠበቅ ከቀዶ ሕክምናው ይብሳል። እጢው ትልቅ ሲሆን አንዱ ጥግ ደህና፣ ሌላው ጥግ ቦርደርላይን፣ ሦስተኛው ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ከብዙ ቦታ እየተቆረጠ መታየት አለበት። ይህን ሳውቅ በመዘግየቱ መናደዴን ተውኩ። ሌላ ቦታ ምንም አልተገኘም።

አክስቴ ግን እስካሁን አልተዋጠላትም። ከአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ይዛልኝ መጥታ፣ ገና ሳህኑን ሳታስቀምጥ፣ «ከከፈቱ አይቀር ምናለ ሁሉንም ቢያወጡት?» አለች። በኛ ቤት ጎበዝ ሐኪም ማለት ብዙ የሚያወጣ ነው። እውነቱን ለመናገር ሌሊት ሌሊት እኔም እንደሷ አስባለሁ። ዶክተሯን ስጠይቃቸው ሳይሰለቹ ደገሙልኝ፦ እጢው ከአንዱ እንቁላል ማምረቻ ካልዘለለ ሁሉንም ማውጣት ዕድሜ አይጨምርም፤ በዚህ ዕድሜ ማረጥን ግን ያመጣል። ኬሞም አይጠቅመውም። የቀረው አንዱ ለመውለድ ይበቃል፣ ዋስትና ግን አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን ለአክስቴ አልነገርኳትም።

በዚህ ምርጫ የገባሁበት ዕዳ ክትትሉ ነው። በየጥቂት ወሩ አልትራሳውንድ፣ ለዓመታት፤ ቆይቶም ሊመለስ ስለሚችል «ዳንኩ» ብሎ ካርድ መጣል የለም። ከወለድኩ በኋላ የቀረውን ማውጣት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቄያቸው «ያኔ እንነጋገራለን» አሉኝ። ይህ መልስ ለምን ደስ እንዳለኝ እንጃ። ምናልባት «ያኔ» ስላሉ።

አክስቴ ሰሞኑን ጥያቄዋን ቀይራለች፦ «ታዲያ ካስቀሩልሽ ምን ትጠብቂያለሽ? አታገቢም?» ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብራኝ ልትመጣ ነው፤ እሱን ራሷ ዶክተሯን ትጠይቅልኝ።