የበልግ ገብስ

ዛሬ ደሴ ገበያ ገብስ ልገዛ አንዲት እናት ጋ ቆምኩ። "እማማ፣ ምነው ተወደደ?" አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነው መዳፋቸው ላይ አሹት። እፍ ሲሉት ገለባው በነነ። የቀረው ፍሬ የመነመነና የተጨማደደ ነው፤ ቢቆላም የሚያጠግብ አይመስልም።

"በልጉ ዘገየ፤ መጣ ሲሉት ደግሞ ሄደ። አብሽር ልጄ፣ አላህ ያውቃል" አሉኝ።

በልግ ድሮም ይዋዥቃል፤ የአንድ ዓመቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። የምድር መሞቅ ግን የታወቀ ነው። ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። እ.ኤ.አ. 2024 እስካሁን ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ በጣም ሞቃቱ ነበር። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት የመላው አፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው።

እኚህ እናት መኪና የላቸው፣ ፋብሪካ የላቸው። በጣም ነው የሚያናድደኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ሀገራት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ፈንድ እንዲቋቋም ተስማምተዋል። ገንዘቡ እሳቸው ማሳ ድረስ ይድረስ!