ለዳግም ትንሣኤ የተቀመጠው በግ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ውሾቹ ይጮኹ ነበር። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ያ ጸጥታ ነው ያስደነገጠኝ። የጎረቤታችን የጋሼ ቆርቆሮ አጥር ተንኳኳ፣ በጉ አንዴ ጮኸ፣ በቃ።

ቤታችን እንጦጦ ሥር ነው። ጅብ ለሰፈራችን አዲስ አይደለም። ከጫካው ወጥቶ ወንዙን ይዞ ይወርዳል፣ ሳይነጋ ይመለሳል። ልጅ ሆኜ ሲጮህ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አዳምጠው ነበር። ግቢ ድረስ ገብቶ ሲወስድ ግን ዘንድሮ ገና ማየቴ ነው።

ሲነጋ ሄድኩ። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ቆመው ገመዱን ያያሉ። ለዳግም ትንሣኤ ብለው ያቆዩት በግ ነበር፣ በጡረታ ገንዘብ የተገዛ። ውሻቸውም ጆሮው ተቦጭቋል።

«ዛሬ ማታ ሥጋ በመርዝ አድርጌ አስቀምጥለታለሁ» አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም። ግን መርዝ ሲባል ሆዴ ይረበሻል። ከዓመታት በፊት ከታች ሰፈር አንድ ሰው እንዲሁ አድርጎ ነበር። የሞተ ጅብ ያየ የለም። እኛ ያየነው ሦስት የሰፈር ውሾችንና አንድ ጥንብ አንሳን ነው። መርዝ የበላው እንስሳ ሲሞት ሬሳውን የበላውም ይሞታል። እነዚህ ቄራ አካባቢ ተሰብስበው የምናያቸው ትንንሾቹ ጥንብ አንሳዎች ደግሞ ከዓለም ሊጠፉ ጫፍ ከደረሱት ወፎች ውስጥ ናቸው። ከሚፈጇቸው ነገሮች አንዱና ዋናው መርዝ ነው። ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። የበለጠ ያሳሰባቸው ግን በዚያ በኩል ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉት ልጆች ነበሩ።

«ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ በየት እንደገባ እንይ» አልኳቸው።

ሩቅ መፈለግ አላስፈለገንም። የዝናብ ውኃ መውጫው ጋ ከቆርቆሮው ሥር አፈሩ ተቆፍሯል። በጉ የታሰረው ከዚያ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። ከአጥሩ ውጭ ወደ ወንዙ ሲወረድ ደግሞ የፋሲካው ሁሉ እዚያ ተከምሯል። ፈርስ፣ ቀንድ፣ ሰኮና፣ የተበላሸ ቆዳ። ከመካከሉ አንዱን ጆንያ አወቅኩት። የኛ ነበር። ቅርጫ ከተካፈልን በኋላ ወንድሜ «እጥለዋለሁ» ብሎ ይዞት ሲወጣ የት ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ጅቡን ድግስ የጠራነው እኛው ነን። በጾም ወራት እኮ ቄራውም ልኳንዳ ቤቱም ይቀዘቅዛል። በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብ ኩስ እየመረመሩ ያጠኑ ሰዎች፣ በዐቢይ ጾም የአህያ ጠጉር እንደሚበዛበት ጽፈዋል። የሥጋ ትርፍራፊ ሲያጣ ወደ አህያ ይዞራል ማለት ነው። ሌላም አንብቤያለሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የመቀሌ ጥናት፣ የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የሞተ እንስሳ እንደሚያነሡ ገምቷል። ያ ሁሉ ባይበላ ኖሮ በአባ ሰንጋና በከብት ቲቢ በዓመት አምስት ሰዎችና 140 ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች ሊታመሙ ይችሉ ነበር ይላል። ማታ ስንፈራው የምናድረው እንስሳ ይህን ያህል ይሠራልናል።

ስናወራ የጋሼን እጅ አየሁ። የውሻውን ጆሮ በባዶ እጃቸው ሲያጥቡ ነው የነጋው። አውራ ጣታቸው ላይ ደግሞ የፋሲካ ቢላዋ የቆረጣቸው ቁስል አለ፣ ገና አልደረቀም።

«ጋሼ፣ ይታጠቡ። አሁኑኑ።»

«ኧረ ልጄ፣ ውሻዬ መቼ አበደ?»

ውሻው ባያብድም የጅቡ ምራቅ ጆሮው ላይ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ነው የሚተላለፈው፤ ክፍት ቁስል ከነካ ይበቃዋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ቧንቧ ከፍቼ በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አሳጠብኳቸው። ከዚያ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ፤ ክትባቱን ጀመሩ። ቀጠሮዎቹን እንዳይረሱ ስልኬ ላይ መዝግቤያለሁ። ውሻውን ልጃቸው የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰደው። በሕይወቴ በበሽታው የሞተ ሰው አንድ አውቃለሁ፤ ስለሱ ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባን። ቀዳዳውን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈንን፤ ውኃው እንዲወጣ ብቻ ወፍራም የብረት ፍርግርግ አደረግንበት። ወንድሜ ወንዝ ዳር የተጣለውን ሰብስቦ፣ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ ከላይ ድንጋይ ጫነበት። የቆሻሻ ጆንያችንን ከዋዜማው በር ላይ ማውጣት ትተናል፣ ሰብሳቢዎቹ ሲመጡ ጠዋት እናወጣለን። ለእድራችን ሊቀመንበርም ደውዬ፣ ለእሁድ የሚያርድ ሁሉ ፈርሱን በአንድ ጉድጓድ እንዲቀብር ለመንኳቸው። «ጥሩ ነው፣ እናስነግራለን» አሉ።

ለእህቴ ልጆችም ነገርኳቸው። ከመሸ በኋላ ብቻችሁን አትውጡ። ድንገት ካያችሁት አትሩጡ፤ የሚሮጥ ነገር ያስከትለዋል። ፊታችሁን ሳታዞሩ፣ ጮክ ብላችሁ እየተናገራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደኋላ ሂዱ። ትንሹ «እሱ ቢያነክስም?» አለኝ። ጅብ እስኪነክስ ያነክስ ሲባል ሰምቶ ነው። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ እንደዚያ እንደሚመስል ሥዕል ሥዬ አሳየሁት።

ትናንት ሌሊት መጣ። በመስኮት አየሁት። ወንዝ ዳር ወርዶ ጉድጓዱ ላይ ያለውን ድንጋይ አሸተተ፣ በእግሩ ሁለት ሦስቴ ጫረ። ወደ ጋሼ አጥር መጣ፣ ፍርግርጉ ጋ አፍንጫውን አስጠጋ። በዚያ ሰዓት ከጋሼ በረንዳ የባትሪ መብራት በራ። እሳቸውም አልተኙም ነበር። ጅቡ ቀና ብሎ መብራቱን ለአፍታ አየ። ዓይኖቹ አረንጓዴ ሆነው አበሩ። ከዚያ ዞሮ ወንዙን ይዞ ወደ ላይ ሄደ። ጋሼ እስኪጠፋ ድረስ መብራቱን አላጠፉም።