ልሳኑ የተዘጋው መጫወቻ

አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በምንጠግንበት ክፍል ሥራ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር። አንዲት እናት ቀይ የፕላስቲክ መጫወቻ ይዛ መጣች። ስፒክ ኤንድ ስፔል ነው። ቃል ይጠራል፤ ልጁ ፊደሎቹን እየተጫነ ይጽፋል፤ ልክ መሆኑንና መሳሳቱን ደግሞ በድምፅ ይነግረዋል። እሷም የእንግሊዝኛ ቃላት አጻጻፍ የለመደችው በእሱ ነው። አሁን ለልጇ ልታወርሰው ፈለገች። "ሲበራ ፊደል ያሳያል። ሊናገር ሲል ግን ይንተባተብና ይጠፋል" አለችኝ።

ሳየው በጣም ደስ አለኝ። ቁልፎቹ ከፍ ከፍ ያሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ የተሠሩት ጠፍጣፋ ስለሆኑ ይሄ ከቀደሙት አንዱ መሆኑ ነው።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል፣ ይገባዋልና። የአሜሪካው ኩባንያ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1978 ከማውጣቱ በፊት፣ የሚናገሩ አሻንጉሊቶች ሆድ ውስጥ የነበረው ገመድ ሲጎተት የሚሽከረከር ትንሽ ሸክላ ነበር። እዚህ ውስጥ ግን የሚሽከረከር ነገር የለም። አንድ የሬዲዮ ሰው ያነበባቸው ቃላት ወደ ቁጥር ተለውጠዋል። ቁጥሮቹ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት፣ ጉልበቱን፣ አፍና ጉሮሮ የሚይዙትን ቅርጽ ይገልጻሉ። አንዲት ቺፕ እነሱን እያነበበች የሰው ድምፅ ትሠራለች። እስካሁን ይገርመኛል።

ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ነው። ስለ ቺፗ ብዙ አንብቤ ስለነበር ሐሳቤ ሁሉ እሷ ላይ ነበር። 4 አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከተትኩ። ሳላበራው ወደ ቦርዱ የሚገባውን ኃይል በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ በመልቲሜትር፣ ለካሁ። ከ6 ቮልት በላይ አሳየኝ። እንግዲያው ኃይሉ ሙሉ ነው፣ የተበላሸችው ቺፗ ናት ብዬ ደመደምኩ። የብየዳ ብረቱን አሙቄ እግሮቿን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ስድስተኛው ላይ ሙቀቱ በዛ። ከሥሩ ያለው የመዳብ መስመር ከቦርዱ ተላቆ ተነሳ። እጄ ቀዘቀዘ። ቺፗ ዛሬ አትመረትም።

አለቃችን መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አልተቆጡም።

"ልጄ፣ እየተናገረ ለክተኸዋል?"

"አልለካሁም፣ ጋሼ።"

መጀመሪያ ያበላሸሁትን መለስኩ። የተነሳውን መስመር በቀጭን ሽቦ ቀጠልኩ፣ እግሮቹን መልሼ በየድኩ። ከዚያ የመለኪያውን ጫፎች እንደያዝኩ አበራሁት። ቃል ሊጠራ ሲል ቮልቱ ከ4 በታች ወረደ።

የባትሪ ማስቀመጫውን ፈታነው። ከብረት ምላሱ ሥር፣ ከላይ በማይታይበት ቦታ፣ አሮጌ ድንጋይ ያፈሰሰው አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል። መልቲሜትር ከባትሪው የሚወስደው ኃይል የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በዛገ ማያያዣ በኩልም ሙሉ ቮልት ያነብባል። ዕቃው በርቶ ድምፅ ሲያወጣ ግን ብዙ ኃይል ይስባል፤ ያን ጊዜ ዝገቱ ያንቀዋል። አልካላይን ድንጋይ ያፈሰሰውን አቼቶ ይፈታዋል። በአቼቶ ጠረግነው፣ በአልኮል አጸዳነው፣ አደረቅነው። ይኸው ነው ጥገናው። ሰዓታት የፈጀው የእኔን ጥፋት መጠገኑ ነበር።

አሁን የሚናገር መጫወቻ ሲመጣልኝ ሁለቴ እለካለሁ፤ ዝም ብሎና እየተናገረ። ቺፕ የምነካው ከሁሉም በኋላ ነው።

ሴትዮዋ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሽቦዋንም አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየቻት።

"ይናገራል ግን?"

አብርቼ ሰጠኋት። የዚህ መጫወቻ ቁልፎች የተደረደሩት እንደ ኮምፒውተር ሳይሆን በፊደል ተራ ነው። ቃሉን ሲጠራላት ወደ ቁልፎቹ አላየችም። ልጇን እያየች ጻፈችው።