ሲሲው የበለጠው ሞተር

በአማተር የሞተር ሳይክል ውድድር ላይ የቴክኒክ ፍተሻ መሥራት ወዳጅ አያበዛም። ጠዋት ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ የዘይት ቡሎኑ በሽቦ መታሰሩን አይተን «አልፏል» የሚለውን ወረቀት ስንለጥፍ ሁሉም ፈገግ ይላል። ከሰዓት በኋላ መፍቻ ይዘን ስንጠጋ ግን ሰላምታውም ይቀዘቅዛል።

የሞተሩን መጠን ጠዋት አንለካም። ሲሲን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጠርገውን ቦታ፣ በትክክል ለማወቅ ቴስታታ (የሲሊንደሩ የላይ ክዳን) መውረድ አለበት። የሁሉንም ቴስታታ እናውርድ ብንል ውድድሩ ሳይጀመር ይመሻል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ፎርሙ ላይ «250» ብሎ ይፈርማል፣ እኛም እናምነዋለን። እስኪከሰስ ድረስ።

ክሱ የመጣው በ250 ምድብ ነው። አንደኛ የወጣችው አንዲት ወጣት ናት፤ ሞተሯ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ ደግሞ ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው የሚነዳው። ሄልሜቱን እንኳ በወጉ ሳያወልቅ አለቃችን ጋ ደረሰ።

«ይሄ 250 ከሆነ እኔ ስሜን እቀይራለሁ!» አለ። «ከኩርባ ስንወጣ ጥላኝ ነው የምትሄደው። ዓይኔ እያየ!»

አለቃችን ረጋ ያለ ሰው ነው። «መክሰስ መብትህ ነው» አለው። «ማስያዣውን አስይዝና ፈርም።»

ማስያዣው ለወጉ ያህል የተቀመጠ አይደለም። የተከሰሰው ሞተር ልክ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ሞተሩን መልሶ መግጠም ወጪም ድካምም አለው። ደንቡን የጣሰ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ለከሳሹ ይመለስለታል፣ ተከሳሹም ውጤቱን ያጣል። ይሄ ባይኖር የተሸነፈ ሁሉ የአሸናፊውን ሞተር ሲያስፈታ ይውል ነበር። ሰውዬው ግን አላመነታም። ቆጥሮ ሰጠ።

በእኛ ደንብ ክስ በቀረበበት ምድብ ውስጥ ሌላ አንድ ሞተር በዕጣ ይወጣና አብሮ ይለካል። ይህችን አንቀጽ ያስገባው ሰው ብልህ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ብቻቸውን እንዳይፋጠጡ ታደርጋለች። ዕጣው የወጣው ከመጨረሻዎቹ ተርታ ለገቡ አንድ አዛውንት ነው። ሞተራቸው ከልጅቷ ሞተር ጋር አንድ ሞዴል ነው፤ ብዙ ዓመት ያገለገለ መሆኑ ግን ከሩቅ ያስታውቃል።

መጀመሪያ እስኪበርድ ጠበቅን። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ አልሙኒየም ደግሞ ይብስበታል፤ ትኩስ ሞተር ለክቶ መፍረድ አይቻልም። ልጅቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ጓንቷን ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ከሳሹ ማዶ ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

ቴስታታው ሲነሳ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወጣ። የሲሊንደሩን ስፋት አንድ ቦታ ለክቶ መተው የለም። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ይለካል፤ በየከፍታውም አንድ ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ። ሲሊንደር ሲበላ እኩል አይበላማ። ከዚያ ፒስተኑን ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ አውርደን ጉዞውን ለካን። ስፋቱ 76.02 ሚሊሜትር፣ ጉዞው 55።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ስፋቱን በራሱ ታባዛለህ፣ ያንን በ0.7854፣ ከዚያ በጉዞው፣ ከዚያ በሲሊንደሩ ብዛት። ለ1,000 ስታካፍለው ሲሲው ይመጣል። አለቃችን ካልኩሌተሩን ለሁለቱም እያሳየ መታው። 249.6።

«ድገመው» አለ ከሳሹ።

ደገመው። ያው ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አልጽፈውም ነበር። ወደ አዛውንቱ ሞተር ሄድን። ስፋቱ ከላይም 77፣ ከመሃልም 77፣ ከታችም 77። ጉዞው ያው 55። ሲባዛ 256.1 መጣ።

እርስ በርስ ተያየን። ሰውዬው ግን አልደነገጡም።

«ሲሊንደሩ ተበልቶ ዘይት ያቃጥልብኝ ጀመር» አሉ። «አሰፋሁትና አንድ ሚሊ ኦቨርሳይዝ፣ ማለት ከመደበኛው አንድ ሚሊ የሰፋ ፒስተን አስገባሁ። ፋብሪካው ራሱ የሚሸጠው ነው። ታዲያ ልጣለው ነበር?»

«ጋሼ፣ ደንቡ ከ250 አይበልጥም ነው የሚለው» አላቸው አለቃችን።

«እሱማ ነው። ግን እኔ ማንን ቀደምኩ?»

እውነታቸውን ነው። ከልጅቷ ጋር አንድ ዓይነት ሞተር ይዘው፣ በዚያ ላይ ስድስት ሲሲ ተኩል ጨምረው፣ ሙሉ ዙር ተደርበው ነው የገቡት። ቢሆንም ውጤታቸው ተሰረዘ። አለቃችን ቅጹን ሲሞላ ቀና ብሎ አላያቸውም። እኔ ውሳኔው ልክ ነበር ባይ ነኝ። ለቀርፋፋው የምንተወው ነገር ከሆነ ለፈጣኑም የምንተወው መሆን አለበት። አለበለዚያ ዳኛው የሚለካው ሞተር ሳይሆን ሰው ይሆናል።

ከሳሹ በዚህ አላረፈም። «እሺ፣ ሲሲው ልክ ይሁን። ታዲያ ለምን ትጥለኛለች?» አለ። ሲበሽቅ የተናገረው ቢሆንም ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው።

በወረቀት ላይ ብልጫው የእሱ ነበር። የእሱ ሞተር ስፋቱ 62፣ ጉዞው 41.2፣ ሲሊንደሩ ሁለት፤ በድምሩ 248.8 ሲሲ ይሆናል። ጉዞው ያጠረ ሞተር ብዙ መዞር ይችላል። የሁለቱንም ፒስተን አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 20 ሜትር ላይ እንገድበው እንበል። የልጅቷ ሞተር በደቂቃ 10,900 ዙር ገደማ ላይ ይቆማል። የእሱ 14,500 አልፎ ይሄዳል። በአንድ ዙር ሁለቱም የሚያስገቡት አየር ተቀራራቢ ነው፤ እሱ ግን በደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያስገባል። የፈረስ ጉልበት የሚባለው ነገር ከዚህ ነው የሚመጣው። ቀጥታው ላይ ሁልጊዜ የሚደርስባትም ለዚህ ነው።

ችግሩ ያ ጉልበት ያለው ከላይ ነው። ዙሩ ካልወጣ አይገኝም። ትራኩ ደግሞ ኩርባ የበዛበት ነው። ባለ አንድ ሲሊንደሩ ከታች ጀምሮ ይጎትታል፣ ክብደቱም ይቀላል። በዚያ ላይ ልጅቷ የኋላውን ስፕሮኬት (ሰንሰለቱ የሚያዞረውን ጥርሳም ክብ) ጥርሱ በበዛ ቀይራዋለች፤ በደንባችን የተፈቀደ ነው። እሱ ግን ሞተሩን ከመደብር እንደወጣ ነው የሚነዳው። አለቃችን ነገሩን በአጭሩ ነገረው፦ «ከኩርባው የምትወጣው በሦስተኛ ማርሽ ነው። ሞተርህ ታፍኖ ይሰማኛል። በሁለተኛ ውጣና አስጩኸው።» ሰውዬው ጥርሱን ነክሶ ሰማና ሄደ።

የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ የደንብ ስብሰባ ይደረጋል። በሌላ ጊዜ ለምነን ነው ሰው የምናመጣው። የዚያን ጊዜ ወንበር ጠፋ።

አንዱ ተነስቶ «ሲሲውን ተዉት፣ ዳይኖ ላይ ይውጣና በፈረስ ጉልበትና በክብደት እንመደብ» አለ። ዳይኖ የሞተርን ጉልበት የሚለካ ማሽን ነው። ሐሳቡ ቂል አይደለም፤ እንዲህ የሚሠሩ ውድድሮች አሉ። ግን ዳይኖ ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ሞተር በሁለት ዳይኖ ላይ ሁለት ቁጥር ያወጣል። የአየሩ ሙቀትና ግፊት ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ይባስ ብሎ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ሁለት ፕሮግራም ሊጫንበት ይችላል። በአንዱ ትመዘንና በሌላው ትወዳደራለህ። መሪው ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ትበቃለች። ይህን ለመያዝ ከተወዳዳሪው የበለጠ ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ፈታሽ ያስፈልጋል። እኛ ያለን መለኪያና ካልኩሌተር ነው።

ሌላው የነጂው ክብደት ይቆጠር አለ። ልጅቷን እያየ ነው ያለው፤ ቀጭን ናት። እዚህ ላይ ትላልቆቹም አንድ አቋም የላቸውም። በሞቶ3፣ በዓለም ሻምፒዮናው የትናንሽ ሞተሮች ምድብ፣ ነጂውና ሞተሩ አንድ ላይ ተመዝነው ከ152 ኪሎ እንዳያንሱ ተደንግጎ ነበር። በሞቶጂፒ፣ በትልቁ ምድብ፣ ግን የሚመዘነው ሞተሩ ብቻ ነው፣ 157 ኪሎ። እንደ እኔ ከሆነ በ250 ላይ ክርክሩ ሚዛን ይደፋል፤ ትንሽ ሞተር 20 ኪሎ ሲጨመርበት ወዲያው ይሰማዋል። በ1000 ላይ ግን ጎማው ጉልበቱን መሸከም ሲያቅተው ነው የምታየው፤ እዚያ ስለ ነጂው ክብደት መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

ብዙ ሰዓት የወሰደው ግን የሲሊንደር ብዛት ጉዳይ ነው። «አንድም ይሁን ሁለት 250 ማለት 250 ነው» የሚሉ ነበሩ። የዓለም ውድድሮች ግን ሁልጊዜ እንዲያ አላሉም። ከመደብር በሚሸጡ ሞተሮች ላይ የተመሠረተው የሱፐርባይክ የዓለም ሻምፒዮና በ1988 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሲጀመር ባለ አራት ሲሊንደሩ እስከ 750፣ ባለ ሁለቱ እስከ 1000 ተፈቅዶለት ነበር። በ2003 ሁሉም 1000 ሆነ። በ2008 ደግሞ ባለ ሁለቱ ወደ 1200 ከፍ አለ። ከእሱ ዝቅ ባለው በሱፐርስፖርት ምድብ ለረጅም ጊዜ አራት ሲሊንደር 600፣ ሦስት 675፣ ሁለት 750 ነበር። ሲሊንደሩ ባነሰ ቁጥር ሲሲ ይጨመርለታል፣ ምክንያቱም ያንኑ ያህል መዞር አይችልም።

ከሁሉ የሚገርመው የ2002ቱ ነው። በሞቶጂፒ 500 ሲሲ ቱ ስትሮክና 990 ሲሲ ፎር ስትሮክ በአንድ መነሻ መስመር ላይ ቆሙ። ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው ግፍ ይመስላል። ግን ቱ ስትሮኩ በየዙሩ ያቀጣጥላል፣ ፎር ስትሮኩ በሁለት ዙር አንዴ። እጥፍ የተሰጠው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ 990ዎቹ በለጡ፤ ቱ ስትሮኮቹም ከዚያ ምድብ ብዙም ሳይቆዩ ጠፉ።

እኔ በጣም የምወደው ደንብ የሞቶጂፒ የ2012ቱ ነው። 1000 ሲሲ፣ ቢበዛ አራት ሲሊንደር፣ የሲሊንደሩ ስፋት ደግሞ ከ81 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ። ከ2027 ጀምሮ 850 ሲሲና 75 ሚሊሜትር እንዲሆን ተወስኗል። ስፋቱ ከታሰረ ጉዞው ማጠር አይችልም፤ ጉዞው ካላጠረ ሞተሩ ያለ ልክ አይዞርም። ያለ አንዳች ኮምፒውተር፣ በአንዲት መለኪያ፣ የዙሩን ጣሪያ ያዝከው ማለት ነው። ይህን ስናገር አለቃችን ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና «ልንፈትሸው የማንችለውን ነገር ደንብ ውስጥ አንጻፍ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ዳይኖ ያነሳ የለም።

የአዛውንቱ ጉዳይ ሲነሳ ሁሉም ይፈቀድላቸው አለ። ስንት ይፈቀድ ሲባል ግን ተጨቃጨቁ። አንዱ ወገን «ሦስት በመቶ» አለ። ፍትሐዊ ይመስላል። አስልተን አየነው። 76ቱ ወደ 77 ሲሰፋ 2.6 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ያልፋል። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ 62 ወደ 63 ሲሰፋ 256.9 ሲሲ ይሆናል፣ 3.3 በመቶ ገደማ ጭማሪ፤ ይወድቃል። ሁለቱም የተጠቀሙት የአንድ ሚሊ ኦቨርሳይዝ ነው! የባለ ሁለት ሲሊንደር ባለቤቶች አዳራሹን በጩኸት ሞሉት፤ ከሳሻችንም ከፊት ነበር። በመጨረሻ «ለጥገና ሲባል እስከ አንድ ሚሊሜትር፣ ጉዞው የፋብሪካው እንደሆነ» ተብሎ ጸደቀ። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ትንሽ ይጠቀማል። ይጠቀም። ፈታሹ በአንድ ልኬት ያረጋግጠዋል።

ከዚያው ጋር ትራኩን አንዴ ለመዞር በሚፈጀው ሰዓት የሚመደብ አንድ ምድብ ተከፈተ፤ ሲሲ አይጠየቅም። ከተወሰነለት ሰዓት ደጋግሞ የፈጠነ ወደ ላይ ይወጣል። አዛውንቱ መጀመሪያ የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። ይሄኛውም ተንኮል አያጣውም፦ በልምምድ ጊዜ ሆን ብሎ እየተኛ የሚነዳ አለ። እሱን ከመጨረሻው ኩርባ አጠገብ ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል፤ ነዳጁን ቀጥታው ግማሽ ላይ ሲለቀው ጆሮ ይይዘዋል።

አሁን የሚያነታርከን ሌላ ነው። በቅርቡ አንድ ልጅ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ይዞ መጣ። ፎርሙን ተቀብሎ «ሲሲ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። አለቃችን ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየው። የሚወርድ ቴስታታ የለ፣ የሚለካ ፒስተን የለ። ለጊዜው በሰዓት ምድብ ውስጥ አስገባነው። ከሳሹ ሰውዬ በሰልፉ ኋላ ቆሞ ነበር። «ማስያዣው ለዚህም ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ።